ማኅተምዎ ያረፈበት ውርርድ

ኦቦ ዲሪርሳ፣ እርስዎን ነው! ይህችን ወረቀት በር ላይ ተለጥፋ እያዩ እንዳላየ የሚያልፉትን፣ የመልካ ጂጌ ወጣቶች ማዕከል ኃላፊን። ቢቀድዷትም ቅር አይለኝም፤ ሌላዋ የፉሪ ሚኒባሶች የሚጭኑበት ጋ ተለጥፋለች።

አካም ጅርቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በቅርቡ የተቀየረው የቢሮዎ ወንበር እንዴት ሰነበቱ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከውርደት በቀር ምንም አላመመኝም።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ሬሐና የህያ እባላለሁ። እዚሁ ሰበታ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በማዕከሉ አዳራሽ ወጣቱን ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥና ስለ ውርርድ በነጻ አስተምራለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ አፌ ግን አብሮ አልቆመም።

አንደኛ፣ ስለ ሰጡኝ የምስጋና ወረቀት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የሚመጡት ዘጠኝ ልጆች ነበሩ፣ ከእነሱም ሁለቱ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ። በሦስት ወር ውስጥ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት ይሰሙኝ ጀመር። እኔ ሞኟ፣ አንደበቴ ሰው ሳበ ብዬ አዲስ ሻርፕ ገዛሁ፣ መስታወት ፊት ቆሜ እጅ ማወናጨፍ ተለማመድኩ። እርስዎም «ሞዴል አስተማሪ» ብለው በጭብጨባ ሸለሙኝ። ለካ ልጆቹ የሚመጡት ሊማሩ ሳይሆን፣ በአንድ ንግግር ውስጥ ስንት ጊዜ «ወገኖቼ» እንደምል ሊወራረዱ ኖሯል!

ሁለተኛ፣ ስለ ስም መመዝገቢያው። ቢሮዎ ያለ ፊርማ ሰው መጣ ብሎ ስለማያምን፣ የመጣ ሁሉ ይፈርማል። ልጆቹ ከስማቸው አጠገብ ቁጥር ሲጽፉ እኔ ዕድሜያቸው መስሎኝ ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሄመን አርባ አራት ብላ ጽፋ ሳይ፣ «ምን እየተቀባሽ ነው እንዲህ ያላረጀሽው?» ብዬ ሁሉ ጠይቄአታለሁ። የእኔ ሞኝነት ይሁን፤ የእርስዎ ቢሮ ግን ያንኑ ወረቀት ማኅተም መትቶበት፣ «ጎልማሶችን ጭምር ያሳተፈ ፕሮግራም» ብሎ ወደ በላይ ላከው። የውርርድ ወረቀቱ በመንግሥት ማኅተም የጸደቀለት ማዕከል የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ክብር ስላበቁን እጅ እንነሳለን።

ሦስተኛውን ስጽፍ አፍራለሁ። ሞቲ፣ «ስሜን ጻፊው» ብሎ ፈቅዶልኛል፣ ገላን ድረስ እየተመላለሰ ሴራሚክ የሚያነጥፍ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጀምር ስል በር ላይ ያዘኝና፣ «አዴ ሬሐና፣ በናትሽ፣ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ላይ አቁሚልኝ። የሴራሚክ መቁረጫዬን አስይዣለሁ» አለኝ። «ምኑን ነው የማቆመው?» ብለው ሁሉን ዘረገፈልኝ። ጮህኩ፣ ተሳደብኩ፣ ራሴን ያዝኩ። ከዚያስ? ገብቼ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ብዬ አቆምኩ! መቁረጫው እንጀራው ነዋ። ሠላሳ ዘጠነኛዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ስውጣት ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አዳራሹ ስሜታዊ ሆነች ብሎ አጨበጨበልኝ። እንግዲህ ይመዝገብልኝ፤ ቁማር ልትከላከል ወጥታ ጨዋታ የሸጠች አስተማሪ እኔ ነኝ። በማግስቱ ሱቄ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ሳይ ገበያ መጣልኝ ብዬ ነበር፤ ለካ እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቁጥር ሊነግረኝ ነው። ከተሰለፉት አንዱ ሀሰኖማ አቮካዶ በፌስታል ይዞልኝ መጥቷል።

አራተኛው ላይ ቀልድ የለኝም። ሰኞ ሞቲ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ቁጥር አልያዘም። «አዴ፣ መተው እፈልጋለሁ፣ ግን እግሬ ራሱ ይወስደኛል። መቁረጫው አሁን ተርፏል፣ በሌላ ቀን አይተርፍም። ማን ጋ ልሂድ?» አለኝ።  ድሮ ከአዳራሹ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረች፤ ሲስተር ድንቅቱ ማክሰኞ ማክሰኞ በር ዘግታ፣ መተው የፈለገውን አንድ በአንድ የምታዳምጥበት። ያቺን ክፍል ነው ኦቦ ዲሪርሳ «ለማዕከሉ ገቢ ማስገኛ» ብለው ለውርርድ ቤት ያከራዩት! እኔ በዚህ በኩል «ተዉ» ስል፣ በግድግዳው ማዶ ጎል በገባ ቁጥር የሚቀልጠው ጩኸት ያጅበኛል። ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ወንበር ዘርግታ ሞክራ ነበር። ግን ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «ውርርድ አሸነፈኝ» ብሎ የሚያለቅስ ወንድ ከየት ይመጣል?

እኔ ጥፋቴን እዚህ ጽፌያለሁ። የምስጋና ወረቀቱንም መልሻለሁ፣ ጸሐፊዎ ጋ ያገኙታል። እነዚህ ልጆች የጎደላቸው ንግግር አይደለም፤ ንግግርማ ቆጥረውታል። የጎደላቸው በር ያለው ክፍልና የሚሰማ ሰው ነው። ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ማይክራፎኑን ይዘው በልጆቹ ፊት ይመልሱ፦ የክፍሏ ቁልፍ ለሲስተር ድንቅቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? መልሱ «በሂደት ላይ ነው» ከሆነ፣ ሞቲ ፊት ቆመው ይበሉት።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ ደግሞ ከእሱ ላይ የሚነሱበት ጉልበት እየተመኘሁ፣

ሬሐና የህያ
ልብስ ሰፊ፣ የቀድሞ ሞዴል አስተማሪ

ከፈረምኩ በኋላ የሰማሁት፦ ልጆቹ «ቅዳሜ ኦቦ ዲሪርሳ ይመጣል፣ አይመጣም» ብለው ሊወራረዱ ነበር። ልከለክል እየሮጥኩ ስሄድ ውርርዱ በራሱ ፈርሶ አገኘሁት። «ይመጣል» ብሎ የሚያስይዝ አንድ ሰው ጠፍቶ። እስቲ መጥተው ሁላችንንም ያሳፍሩን።