የጋሽ ታምራት የጓሮ አጥር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰፈሩ ቤት በቤት ሆኖ ወደ ቁስቋም የሚያወጣው አቋራጭ በአጥር ከተዘጋ ወዲህ እማዬ ንግሥ ቀርቶባታል። በአስፋልቱ ዞራ ለመሄድ ጉልበቷ አይችልም። ዛሬ ጠዋትም ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዝማሬውን ከሩቅ ስትሰማ ጎረቤታችን ጋሽ ታምራት አገኟት። ጴንጤ ናቸው፤ ንግሡ አይመለከታቸውም።

«እትዬ በላይነሽ፣ ምነው ቀሩ?»

«መንገዱን ዘጋችሁብኝ እኮ!» አለች፣ ያለ ምንም ይሉኝታ። እኔ አፈርኩ።

እሳቸው ግን ከጓሮ አጥራቸው ላይ ቆርቆሮ ነቅለው በግቢያቸው አሳለፉን። «እዚህ ጋ በር አስገባለሁ» አሉ።

ለዘንድሮው ተመስገን ነው። ልጃቸው ጓሮው ላይ ፎቅ ሊሠራ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንጃ፣ ለከርሞ እግዜር ያውቃል።

እማዬ ስታልፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመስል፣ የአጥሩን እንጨት ተሳለመችው።