ጉልበት ካለዎት

ማክሰኞ፣ የካቲት 9

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ከተቀየረ ወዲህ ደህና ነኝ። ያለቀውን አጥንት አንስተው ብረት ተክተውበታል። በስልክ «እየተለማመድሽ ነው ወይ?» እያልሽ ትጨነቂያለሽ። እየተለማመድኩ ነው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩሽም፤ ትቆጪኛለሽ ብዬ።

ባለፈው፣ ጉልበቴ ሳይቀየር በፊት፣ የወንድምሽ ሞት ክስ በተቀጠረበት ቀን ሳልመሰክር ተመለስኩ። ችሎቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ጉልበቴ ከዳኝ፣ መደገፊያውን አቅፌ ቀረሁ። ያ ተከሳሽ፣ የሕንጻው ሥራ አለቃ የነበረው ፎርማን፣ ከጠበቃው ጋር በአጠገቤ አለፈና ዞር ብሎ «እማማ፣ ጉልበት ካለዎት ይምጡ እንጂ!» አለኝ። ጠበቃው ሳቀ።

የዚያን ቀን ለወንድምሽ ምሳ ላደርስ ሕንጻው ሥራ ቦታ ሄጄ በጆሮዬ የሰማሁት እኔ ነኝ። «የደኅንነት ቀበቶውን ተወው፣ ቶሎ ውጣ!» ብሎ ወንድምሽን ወደ ወደቀበት የፎቁ ጫፍ የሰደደው እሱ ነው። የሥራ ጓደኞቹ ለጉርሳቸው ፈርተው አፋቸውን ለጉመዋል።

የምታለማምደኝ ልጅ ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቴ ሥር ታደርግና «ወደ ታች ይጫኑት» ትለኛለች። ስጫነው ደነገጠች።

«ኧረ እማዬ፣ ቀስ! ምን እያሰቡ ነው?»

«ሰው።»

«የሚወዱት ሰው ነው?»

«አንገቱን ብቻ።»

ማጠፉ ያማል ልጄ፣ ዕንባ ያስመጣል። ያን ጊዜ የዚያን ቀኑን ሳቅ አስታውሳለሁ፤ እንቢ ያለው ይታጠፋል። የሐኪሙ ማስታገሻ እንደሱ አልሠራልኝም።

«ለእግዚአብሔር ስጪው» ትያለሽ። እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ግን ዳኛው ፊት እኔ ልያዘው። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ዱላዬን ይዤ እየተንፏቀቅኩም ቢሆን እወጣለሁ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ያላትን ቃል እንዳላት እናገራለሁ። ሲገረጣ ማየት እፈልጋለሁ፤ አንቺን አልዋሽም።

መውጣቱን ለምጃለሁ፣ ደህናው እግር ይቀድማል። ዛሬ ልጅቷ «አሁን ደግሞ መውረዱን እንልመድ» አለችኝ።

«እሱ ከሐሙስ በኋላ ይደርሳል» አልኳት።

«ወርደው ቤትዎ አይገቡም እንዴ?»

ቤት ውስጥ የወንድምሽን አልጋ እስካሁን አላነሳሁትም።

በይ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ደርበሽ ውጪ። ክፉ አይይሽ። አንቺን እንኳ ያቆይልኝ።

እናታችሁ