ለፎቶግራፍ የፈሰሰው ውሃ

ለክቡር ሻሺካንት ዴሽፓንዴ ሳሂብ፣ በግዛታችን መንግሥት የፖሊሲ ፌሎውሺፕ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ግንብ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የካራንጅዋዲ መንደሩ ዳግዱ ጋይክዋድ፣ ፊደል የማልቆጥር ሽማግሌ፣ ይህን በቃሌ ለፖስተኛችን አስጽፌአለሁ። "ትንሽ ላለስልሰው?" ቢለኝ "የነገርኩህን ጻፍ!" ብዬዋለሁና ሻካራ ቃል ቢያገኙ የእኔ ነው።

አንደኛ፦ መንግሥትን ታማክር ዘንድ ለአንድ ዓመት የቀጠሯትን ፌሎው፣ ወይዘሪት ሪቲካን፣ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ምግባረ መልካም ልጅ ናት፤ የማሽላ ቂጣችንን ከነበርበሬው በልታ፣ እንባዋ እየወረደ "ይጣፍጣል ባባ" ብላኛለች። ልትሰናበት ስትል መንግሥት የተከለልንን ቧንቧ ፎቶ ላንሳ አለች። ቧንቧው ከተተከለ ጀምሮ የተነፈሰው ነፋስ ብቻ ነው። ሴቶቹ ግን "እንግዳችን አለቆቿ ፊት ደረቅ ቧንቧ ይዛ ትቅረብ? ወግድ!" ብለው፣ መንግሥት የሚልክልን ቦቴ መኪና ያመጣውን ውሃ በእንስራ ተሸክመው፣ መሰላል ወጥተው የቧንቧው ማጠራቀሚያ ውስጥ ገለበጡት። ቧንቧው ፈሰሰ። ልጅቱ አጨበጨበች፤ እኛም አጨበጨብን። እንግዳን አለማሳፈር እኛ ዘንድ ወግ ነው፤ እናንተ ዘንድ መረጃ እንደሚባል ማን ነግሮን?

ሁለተኛ፦ ፎቶው የሪፖርትዎ ሽፋን ሆኖ፣ መንደራችንም "ውሃ የደረሳት" ተብላ ቦቴው ስለቀረብን፣ ስለ ክብሩ እጅ እንነሳለን። አሁን ሴቶቹ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ እየቆፈሩ በጣሳ ይቀዳሉ። የጎረቤቴ የሳኩባይ ምራት እርጉዝ ናት፤ ትናንት እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሳኩባይ ምን አለች መሰለዎት? "ሪፖርቱን አምጡልኝ፣ ጨምቄ ላጠጣት!"

ሦስተኛ፦ ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ብመጣ ጸሐፊዎ "አባባ፣ ሪቲካ ጊዜዋን ጨርሳ ሄዳለች፤ አዲሱ ፌሎው ሲመጣ ከመጀመሪያው ያጠናዋል" አለኝ። ደግ ነው። ጥም ግን ፌሎው አይደለም፤ ዓመቴ ሞላ ብሎ አይሰናበትም።

ስለዚህ ከጥናቱ በፊት ቦቴውን ይላኩልን። ልጅቱን አደራ እንዳይቆጧት፤ እርሷ ያየችውን ጻፈች፣ እርስዎ ሳያዩ ፈረሙ።

ከደረቀ ጉሮሮ በሚወጣ ለስላሳ ምስጋና ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቴን ያተምኩ፣
ዳግዱ ጋይክዋድ

ማስታወሻ፦ አዲሱ ፌሎው ከውሃው ሌላ የሚያጠናው "ገበሬ መንደሩን ጥሎ ለምን ይሰደዳል?" የሚለውን ነው አሉ። እዚህ ድረስ አይድከም። ቦቴው ከቀረ ወዲህ ሁለቱ ልጆቼ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ካለው ድልድይ ሥር ነው የሚያድሩት፤ ለምሳ ሲወጣ ይጠይቃቸው።