የስፌት ሜትርሽ

ሚጡዬ፣
አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ልውጣ። ለአዋላጅነት ዲግሪዬ የመጨረሻ ልምምድ ሩቅ ጤና ጣቢያ መድበውኛል፤ ሦስት ወር ነው።

ሩዙ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። ባልዲው ሲሞላ አንቺ እንዳታነሺው! ለአከራያችን ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸው ይደፉታል።

የስፌት ሜትርሽ የጠፋው እኔ ወስጄው ነው። የእርጉዞች ሆድ ስለካበት ከረምኩ። ይቅርታ።

ባለፈው እሁድ ሰማያዊ ቀሚስሽን ጎኑን ተርትረሽ ስታሰፊው አየሁሽ። «የደንበኛ ነው» አልሽኝ። ቀሚስሽን የማላውቀው መሰለሽ?
ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሴቶች «ስንት ወርሽ ነው?» ስል እውላለሁ። ሁሉም ይነግሩኛል።
አንቺ ግን...

እሺ፣ ጥፋቱ የኔም ነው። ወሬ በጀመርሽ ቁጥር «ፈተናዬ ይለፍ» እያልኩ ደብተሬ ላይ አቀረቅር ነበር። ይኸው ፈተናው አለፈ፤ ማለፌን የምነግረው ሰው ግን አጣሁ።

ሜትሩን ትራስሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ከሆድሽ በታች ካለው አጥንት ጀምረሽ እስከ ሆድሽ የላይኛው ጫፍ በየእሁዱ ለኪና ቁጥሩን ላኪልኝ። ሌላ ምንም ባትጽፊም፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሁለታችሁንም ያየሁ ያህል ነው።