የማዳመጫው ልክ

ወንድሜ፣
ቁልፉን ጎረቤት ጋ ትቻለሁ። ምሳህ ምድጃው ላይ ነው።

የአሮጌውን ወርቅ መፈለጊያችንን ባትሪ አውጥቼዋለሁ፤ ረስተኸው ነበር፣ ፈሶ ማሽኑን እንዳይበላው።

ቅዳሜ "አሞኛል፣ ዛሬ ወንዝ መውረዱ ይቅርብን" ስትለኝ ሻይ አፍልቼልህ ነው ሥራ የገባሁት። ማሽኑ ላይ ግን የወንዛችን ቀይ ጭቃ ደርቆበታል። ብቻህን ሄደህ ቢሆን እተወው ነበር። የማሽኑ የጆሮ ማዳመጫ ግን ለኔም ላንተም በማይሆን ልክ ሰፍቷል። እንስራ የሚያክል ራስ ያለው ደግሞ መካኒኩ ጓደኛህ ብቻ ነው።

ያንን የወንዝ ዳር ቦታ እስክናገኝ ስንቱን ቆርኪና ሚስማር አብረን ቆፈርን! ለሰው ላናሳይ ተማምለን አልነበር?

ወርቅ አገኛችሁ ወይ አልልህም። ጉድጓዱን ግን ድፈኑት።

እህታችን ጋ ነኝ፤ አትደውል።

ማዳመጫውን ለራሴ ልክ አጥብቤው ነበር። ከዚያ መልሼ አሰፋሁት።
ይመቸው።