ስለ ትርንጎ ጭንቅላት ለእማዬ

የናፈቅሽኝ እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኛ ደህና ነን። አባዬ የአንኮበሩን ቤት ቆርቆሮ አልብሶት፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጆሮዬ ጠፋ እያለ ያማርራል። እህቴ ትርንጎ ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ናት። ሱፍ ትፈትላለች። መሠረተ ትምህርት ገብታ ስሟን መጻፍ ስለተማረች የግቢውን በር በከሰል እየጻፈች ሞልታዋለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ትርንጎ ጭንቅላቷ አንሶ ስትወለድ፣ ጎረቤቱ እናቷ በቀትር ምንጭ ወርዳ ጋኔን ቢለክፋት ነው ሲል አንቺም አመንሽው። ጎረቤላ ገበያ አዝለሻት ስትሄጂ ሰው ካፈጠጠባት ቀና ብለሽ ታልፊ ነበር፤ ቤት ስትገቢ ግን ታለቅሺ ነበር።

አምና አረገዝኩ። የእኔም ልጅ እንዲያ ይወለድ ይሆን የሚለው ፍርሃት ደስታዬን ወሰደው። ባለቤቴ ተሰማ ሐኪም እንጠይቅ አለና ትርንጎን ይዘን አዲስ አበባ ሄድን። እስከ ጫጫ ስትዘፍን አውቶቡሱ ሁሉ ያጨበጭብላት ነበር።

ሐኪሙ ጭንቅላቷን በሜትር ለካ፤ ስለ አንቺና ስለ አባዬ ዘመዶችም ጠየቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ልጅ ማኅፀን ውስጥ ሳለ አንጎሉ የሚያድገው ጥቃቅን ሕዋሳት አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እየተከፈሉ ነው። ይህን ክፍፍል የሚመራው ከወላጅ የሚወረስ ነገር ነው፤ እሱ ላይ አንዳንዴ ስህተት ይገኛል። ከአንድ ወላጅ ብቻ ከመጣ ልጁን አይጎዳውም። ከሁለቱም ከመጣ ግን ክፍፍሉ ይጓደላል፤ አንጎልም ጭንቅላትም ትንሽ ይሆናሉ። አንቺም አባዬም ሳታውቁት ይዛችሁት ኖራችኋል።

«እናቷ ያጠፋችው አንድም ነገር የለም» አለኝ።

እዚያው አለቀስኩ። ትርንጎ መርፌ የወጋኝ መስሏት ሐኪሙን ተቆጣችው። እሱም እየሳቀ፣ ተሰማ ያንኑ ስህተት ካልያዘ ልጄ እንደማይነካ፣ ይዞ የመገኘቱም ዕድል ጠባብ እንደሆነ ነገረኝ።

ወንድ ልጅ ወለድኩ፣ እማዬ! አዋላጇ ጭንቅላቱን ለክታ ደህና ነው ስትል ተሰማ ተቀብሎ ግንባሩን ሳመው። ትርንጎ ግን ታቅፋ ብዙ ካየችው በኋላ ፊቷ በሐዘን ተለወጠ።

«ምስኪን፣ ጭንቅላቱ እንዴት ትልቅ ነው!» አለች። እስካሁን ትዝ ሲለን እንስቃለን።

ከአራስነቴ ስወጣ አንኮበር ሄጄ ለአባዬ የሐኪሙን ቃል ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ጋቢውን ደርቦ ወጣ። ቆየብኝና ስፈልገው መቃብርሽ አጠገብ ተቀምጦ ሲያወራሽ አገኘሁት።

ስለዚህ ሰምተሽው ይሆናል፤ እኔም ልድገምልሽ ብዬ ነው። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ ስለ አንቺ የምነግረው ብዙ ነው። አንዱንም አላስቀርበትም።

ልጅሽ ዘነበች