ለስድብ ያልመለሱት የአቶ እንየው ታረቀኝ የሕይወት ታሪክ

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዕድራችን ዳኛ አቶ ብሩ በገዛ ቤታቸው፣ ለቅሶ በተቀመጠ ጎረቤት ፊት፣ አቶ እንየው ታረቀኝን «አንተ የራስህን ልጅ የገደልክ፣ ደግሞ የኔን ሐዘን ልታይ መጣህ?» ብለው ሰደቧቸው። የሕይወት ታሪክ ከልደት እንጂ ከስድብ አይጀመርም የሚል ይኖራል። ይህን የጻፍነው ታናሽ ወንድማቸው ደምመላሽ ነን፤ «ትምህርቱ ትንሽ ነው፣ ሌላ ይጻፈው» መባሉንም ሰምተናል። ነገር ግን ያቺ ቃል ኮምቦልቻን አዳርሳለች፤ ዛሬ እዚህ ከቆማችሁትም ያልሰማት የለም። ስለዚህ ነገሩ ከሥሩ ይነበብ።

አቶ እንየው ከአባታቸው ከአቶ ታረቀኝ ካሣ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩነሽ ወልዴ በ1959 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተማሩ አባታቸው ስላረፉ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ለማሳደግ ሲሉ ደብተሩን ትተው ልብስ ስፌት ገቡ። በ1984 ዓ.ም. ወደ ኮምቦልቻ ተዛውረው የራሳቸውን የስፌት ሱቅ ከፈቱ፤ በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፀሐይነሽ ጋር ጋብቻ መሠረቱ።

የበኩር ልጃቸው ምንተስኖት በ1988 ዓ.ም. ተወለደ። በአምስት ወሩ ሳል ያዘው፤ ጡት እንቢ አለ። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ተባለ። ያን ጊዜ ሁሉም የሚያደርገው ይኸው ነበር። ወ/ሮ ፀሐይነሽ ማየት አልቻሉም፣ ጓዳ ገቡ። ቆራጩ ምላጩን ሲያስገባ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ጭንቅላቱን የያዙት አባትየው ናቸው። ደሙ አልቆም አለ፤ ልጁ ሞተ። ከዚያ ትርሲትንና ይርጋለምን ወልደው ለቁም ነገር አብቅተዋል፤ የሕፃን ልብስ ግን ብዙ ዘመን አልሰፉም።

በ2003 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወ/ሮ ጣይባ ታሪኩን ሰምታ ለወላጆች እንዲናገሩ ለመነቻቸው። እንቢ ብለው ብዙ አስቸገሯት፤ በኋላ ግን እሁድ እሁድ ሱቃቸውን ለእናቶችና ለአባቶች ከፈቱ። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ፤ ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ ለጾመኞቹ እንዲመች ይለወጥ ነበር። ሁልጊዜ የሚጀምሩት እጃቸውን ዘርግተው «የያዙት እነዚህ ናቸው» በማለት ነው። ሕፃን ሲያስል ጤና ጣቢያ እንዲሄድ፣ ከእናት ጡት በፊት ቅቤ እንዳይቀምስ፣ አባትም ልጁን አቅፎ እንዲያጫውት ያስተምሩ ነበር። ልጁን ያልታቀፈ አባት ወንበር አያገኝም። «የወንድ ሞግዚት» እያሉ የሳቁባቸው ነበሩ፤ ስማቸውን እናውቃለን፣ ለጊዜው ይቆይ። ወ/ሮ ጣይባ ግን «ወላሂ ጋሽ እንየው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የማይሰሙኝ እርስዎ ድምፅዎ ሲቆረጥ ይሰማሉ» ትላቸው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ የአቶ ብሩ ምራት ትህትና ለቤተሰቦቿ ሳትናገር የሚያስል ልጇን ይዛ መጣች። «ልጄ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ምላጭ እንዳያስነኩት» አሏት። እሷም እቤት ስትገባ ከማን እንደሰማች ደብቃ ጤና ጣቢያ ልውሰደው አለች። አማቷ አቶ ብሩ «በቤቴ የማዝ እኔ ነኝ» ብለው ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰዱት። እንጥሉ ተቆረጠ፤ ሞተም።

ከለቅሶው ቀን በኋላ የዕድሩን ዳኛ ላለማስቀየም ሰዉ ከእሁዱ ቀረ። አቶ እንየው ግን ታመውም ሱቁን ይከፍቱ ነበር፤ ባዶ አግዳሚ ይዘው ውለው ይዘጉታል። በጉበት ሕመም ደሴና ኮምቦልቻ ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል።

የትህትናን ነገር በገዛ ሥልጣናችን አልጻፍነውም። ትናንት ሻንጣዋን ይዛ መጥታ «ጋሽ ደምመላሽ፣ ይጻፉት፤ እኔ እንደሆነ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ» ብላለች።

እንግዲህ ያን ዕለት፣ ስድቡ ሲወርድባቸው፣ ሰው ሁሉ አፍ አፋቸውን ያይ ነበር። ወንድማቸው እጅጌያቸውን ይዞ «ተናገር እንጂ! እናትየዋ ጠይቃህ አልነበረም?» አላቸው በጆሮአቸው። እሳቸው ወደ በሩ ጥግ አዩ፤ ትህትና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። «እኔ ቤቴ እገባለሁ፤ እሷ ግን እዚሁ ነው የምታድረው» አሉት ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሥተው ለአቶ ብሩ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው እጅ ነሡ፤ ለስድቡ አንዲት ቃል ሳይመልሱ ወጡ።

ያን ዝምታቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን ይማር።